ከድራም ተነስቶ የፊልም ሙዚቃ ሠሪ መሆን ይቻላል?

የደሴው ድራመር፦
ሰላም ወገኖች። ደሴ ነው ያለሁት። 11 ዓመት ድራም መትቻለሁ፣ አብዛኛውን በሠርግ ባንድ። ከሐይቅ እስከ ኮምቦልቻ ያልመታሁበት አዳራሽ የለም ማለት ይቻላል። አሁን አንድ ጓደኛዬ የ20 ደቂቃ ፊልም ቀርጾ «ሙዚቃውን አንተ ሥራልኝ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ፣ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እናትየው ቡና እየቀዳች ሳለ የልጇን መርዶ የምትሰማበት ትዕይንት ነው። ምት አስገባሁበት፣ ጓደኛዬ ሰማና «ሴትዮዋ ጠፋችብኝ» አለኝ። የባንዳችን ኪቦርዲስት ደግሞ «ድራመር ዜማ ምን ያውቃል፣ ለኔ ስጠኝ» ይለኛል። እውነቱን ነው? በዚህ መንገድ የሄደ ሰው አለ? ሥራውን ትቼ መጀመሪያ ኮርድ (ድምፆችን አጣምሮ መምታት) ልማር ወይስ በያዝኩት ልቀጥል?

ፊልም ወዳድ፦
አለ እንጂ! ስቱዋርት ኮፕላንድን ፈልገህ ስማ። «ዘ ፖሊስ» የሚባለው የሮክ ባንድ ድራመር ነበር። አሜሪካዊ ነው፣ ግን ልጅነቱን ያሳለፈው ካይሮና ቤይሩት ነው፣ የዐረቡ ምት አመታቱ ውስጥ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1983 ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «ራምብል ፊሽ» ለሚባል ፊልም ጠራው። ፊልሙ ስለሚያልቅ ጊዜ ነው፣ ሰዓት በየቦታው አለበት፣ ስለዚህ ሙዚቃው በምት ላይ ቆመ። የመንገድ ድምፅ ሁሉ ቀድቶ ከምቱ ጋር ቀላቅሎታል። ለጎልደን ግሎብ ታጨ። ከዚያ በ1985 «ዘ ኢኳላይዘር» የተባለውን ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም፣ በ1987 «ዎል ስትሪት»ን ሠራ።

ለኔ ግን ካንተ ጋር የሚቀራረበው ክሊፍ ማርቲኔዝ ነው። ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ የሚባለው የሮክ ባንድ የመጀመሪያ ሁለት አልበሞች ላይ ድራም የመታው እሱ ነው። ከባንዱ ከወጣ በኋላ በ1989 የዳይሬክተሩን የስቲቨን ሶደርበርግን የመጀመሪያ ትልቅ ፊልም ሙዚቃ ሠራ፣ ያ ፊልም በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት ወሰደ። «ትራፊክ»፣ «ሶላሪስ»፣ «ድራይቭ»፣ በቴሌቪዥን ደግሞ «ዘ ኒክ» የሱ ናቸው። የሚገርመው ሥራው ጫጫታ የለበትም። አንድ ድምፅ ይይዝና ቀስ አድርጎ ይተወዋል። ድራመር ስለሆነ ምት መቆለል ነበረበት ብለህ ታስብ ይሆናል፣ እሱ ግን መቼ ዝም እንደሚባል ነው የሚያውቀው። አንተም 11 ዓመት ዘፋኙ ቃሉን እስኪጨርስ ስትጠብቅ ኖረሃል፣ ይሄ ትንሽ እውቀት አይደለም።

የላሊበላ ልጅ፦
ወንድሜ፣ እኔ የፊልም ሰው አይደለሁም፣ የማኅሌት ልጅ ነኝ። ግን ጥያቄህ ደጃችን ላይ መልስ ያለው መሰለኝ። ማኅሌት ሲቆም ከበሮው ወዲያው አይገባም። መጀመሪያ ቁም ይባላል፣ ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ፣ በመቋሚያ። ከበሮው የሚመጣው መረግድ ላይ ነው፣ እሱም ዝግ ብሎ ይጀምርና ነው የሚፈጥነው። ሰውዬው ከበሮውን አንግቶ ቆሞ ሳይመታ የሚቆይባትን ጊዜ አስባት፣ ሁሉም ሰው እጁን ነው የሚያየው። እናትየዋ መርዶውን ስትሰማ ቁም ላይ ናት። አንተ ግን ቀጥታ ጸፋት፣ ፈጣኑን የከበሮ ምት፣ አስገባህባት።

የደሴው ድራመር፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ። መንዙማም እኮ እንደዚያው ነው፣ ድቤው ከሰውዬው ድምፅ በኋላ ነው የሚነሳው። ለካ ሲነግሩኝ ነው የኖሩት።

ድምፅ ቀራጭ፣ ኮምቦልቻ፦
እኔ የሥራውን ልንገርህ። ኤዲቱ ሳያልቅ ሙዚቃ አትጀምር። ጓደኛህ ሁለት ሰከንድ ከቆረጠ የደከምክበት ሁሉ ይበላሻል። ፊልሙ በሰከንድ በ24 ፍሬም ነው የተቀረጸው ወይስ በ25? ጠይቀውና ፕሮግራምህን በዚያው አስተካክል፣ አለበለዚያ መሐል ላይ ምትህ ከምስሉ ይንሸራተታል። ንግግር ባለበት ሲምባል አትምታ፣ የ«ስ»ን እና የ«ሽ»ን ድምፅ ነው የሚበላው። የቡና ሲኒውን ድምፅ ለብቻው ካለህ ጠብቀው፣ ምናልባት ምትህ እሱ ነው።

ኮርዱን ደግሞ ቀስ ብለህ ትማረዋለህ፣ ተማረውም። ግን አንተ ያለኸው ባቲና አምባሰል የሚባሉት ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙበት አገር ነው። በአምስት ድምፅ ስንቱ ተለቅሷል! አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ፈልግና አምባሰል ላይ አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ አስይዘው። ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ የምትወስነው አንተ ነህ፣ ኪቦርዲስቱ አይደለም። እና ክፍያችሁን በወረቀት ተፈራረሙ፣ ጓደኛም ቢሆን።

የደሴው ድራመር፦
ትናንት ማታ ሞከርኩት። ምቱን በሙሉ አጠፋሁ። ሲኒው ረከቦቱ ላይ ሲቀመጥ ኳ ይላል፣ ከዚያ 9 ሰከንድ ባዶ ተውኩት፣ ከዚያ በኋላ ከበሮውን በመዳፌ አንዴ ብቻ፣ በሰፊው አፉ። ጓደኛዬ አይቶ ሲጨርስ ምንም አላለም፣ «መልሰህ ክፈተው» ብቻ ነው ያለኝ። ማሲንቆውን ለቅዳሜ ቀጥሬዋለሁ።