የጋራ የማዳኛ ፍላሽ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦
ጤና ይስጥልኝ። እኛ ላፕቶፕ ጠጋኞች ለማኅበራችን ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው። ላፕቶፕ ዊንዶው አልከፍት ብሎ ሲመጣ የብዙዎቻችን እጅ የሚሮጠው ወደ ፎርማት፣ ዲስኩን ጠርጎ እንደ አዲስ ወደማዘጋጀት ነው። በኋላ «የልጆቼ ፎቶስ?» ሲሉን መልስ የለንም። የእኔ ሐሳብ እያንዳንዱ አባል አንድ ዓይነት የማዳኛ ፍላሽ ይኑረው፣ ማሽኑም ከራሱ ዲስክ ሳይሆን ከፍላሹ ቡት ተደርጎ (ተነሥቶ) ይመርመር የሚል ነው። ምን ይጫንበት?

አባል፣ ፒያሳ፦
ቬንቶይ ይሁን፤ ብዙ ማስነሻዎችን በአንድ ፍላሽ ላይ የሚያኖር ፕሮግራም ነው። ፍላሹ አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ አይኤስኦዎቹን፣ ማለትም የየፕሮግራሙን የዲስክ ምስል ፋይሎች፣ እንደማንኛውም ፋይል ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው፤ ሲነሣ በዝርዝር ያቀርባቸዋል። ለጥገና የሚነሣው ሊኑክስ ሲስተምሬስኪው፣ ዲስክ የሚገለብጠው ክሎንዚላ፣ ራም የሚፈትሸው ሜምቴስት86+፣ የጥገና ፕሮግራሞች ስብስብ የሆነው ሃይረንስ እና የዊንዶው መጫኛ ገብተውም ባለ 32 ጂቢ ላይ ቦታ ይተርፋል።

አባል፣ መርካቶ፦
ሃይረንስ ስትል የትኛውን ነው ወንድሜ? በየሱቁ የሚዞረው 15.2 የ2012 ነው። ዩኢኤፍአይ የተባለውን አዲሱን የማስነሻ ሥርዓት ብቻ በሚቀበሉ አዳዲስ ማሽኖች ላይ አይነሣም፣ ያለ ፈቃድ የታጨቁ ፕሮግራሞችም አሉበት። አዲሱ ፒኢ የሚባለው ከራሱ ድረ ገጽ ወርዶ፣ ፋይሉ እንዳልተነካካ የሚያሳየው የሻ-256 ቁጥሩ ተመሳክሮ ይግባ። ካልሆነ ጭራሽ ይቅር።

ጸሐፊ፦
ይዣለሁ። ከአባል ወደ አባል መገለባበጥ ይከልከል ልበል? በዚሁ መንገድ ቫይረስ ስንቴ እንደተቀባበልን ታውቃላችሁ።

አባል፣ መርካቶ፦
ጻፊው እህቴ። ፍላሹ ዊንዶው በተከፈተ የደንበኛ ማሽን ላይ አይሰካ የሚለውንም ጨምሪበት። ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ይሰካና ዴል ወይም ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ12፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9 ተጭኖ ቡት ይደረግ።

አባል፣ መገናኛ፦
በዝርዝሩ አልከራከርም። እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ፍላሹ በእጁ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው «ጥገና» ከሆነ ፎርማት ካደረገው ብዙም አይለይም።

ስለዚህ እንዲህ ይጻፍልኝ። ሲስተምሬስኪው እንደተነሣ ከሁሉ በፊት ዲስኩ ስለራሱ የመዘገበውን በሚያነበው በስማርትሲቲኤል የዲስኩ ጤና ይታይ። በሚያወጣው ዝርዝር ቁጥር 5 የተተኩ ሴክተሮችን (የዲስኩን ትንንሽ የመረጃ ክፍሎች)፣ ቁጥር 197 ሊነበቡ ያልቻሉና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮችን ያሳያል። 197 ላይ ዜሮ ካልሆነ ዲስኩ እየሞተ ነው ብላችሁ ያዙ፤ የዊንዶውን የዲስክ ማስተካከያ፣ ቼክዲስክን፣ ማስሮጥ ክልክል ይሁን። ቼክዲስክ ፋይል ሲስተሙን (የፋይሎቹን አደረጃጀት) ለማስተካከል የታመመው ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ ያዳክመዋል እንጂ አያድነውም።

ከዚያ የታመመ ዲስክ በሚገለብጠው ፕሮግራም፣ በዲዲሬስኪው፣ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ይገልበጥ። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፣ እምቢ ያለውን ዘልሎ በኋላ ይመለስበታል። ማፕ ፋይሉ ግን የግድ ጤነኛው ዲስክ ላይ ይቀመጥ። የት እንደደረሰ የሚመዘገበው እዚያ ስለሆነ መብራት በመሀል ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። እኛ ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምንጩንና መድረሻውን የሚያምታታ ሰው ደግሞ ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ ይገለብጣል፤ ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ሳይተያይ ኢንተር አይጫን።

የጠፋ የዲስክ ክፍልፋይና ፋይል የሚፈልጉት ቴስትዲስክና ፎቶሬክ የሚሠሩት በግልባጩ ላይ ነው። ፎቶሬክ የፋይል ስምና ፎልደር እንደማይመልስ ደንበኛው አስቀድሞ ይወቅ። ኤስኤስዲ (በቺፕ የሚሠራ ዲስክ) ላይ የተሰረዘ ፋይል ደግሞ የተሰረዘውን ቦታ የሚያጸዳው ትሪም ከሠራ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፤ ተስፋ አንሽጥ።

አባል፣ መርካቶ፦
ጥሩ ብለሃል። ግን ደንበኛው «ዛሬውኑ» ነው የሚለው። የፎርማት ዋጋ ታውቋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሚገለበጥ ዲስክ ማን ይከፍላል?

ሰብሳቢ፦
ምርመራው ለብቻው ይከፈል። መጠኑን እያንዳንዱ ሱቅ ይወስን፣ እኛ ዋጋ አንቆርጥም። ደንበኛው «መረጃው አያስፈልገኝም» ብሎ ከፈረመ ፎርማት ማድረግ ይቻላል።

አባል፣ ፒያሳ፦
የዊንዶውን የዲስክ መቆለፊያ፣ ቢትሎከርን፣ እንዳንረሳ ጋሼ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስኩ በራሱ ይቆለፋል። ቬንቶይ እንዲነሣ ብለን ያልታወቀ ማስነሻ የሚከለክለውን ሴክዩር ቡትን ስናጠፋ፣ በኋላ ዊንዶው 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁልፍ ይጠይቃል። ባዮስ (የማሽኑ የመነሻ ቅንብር) ከመነካቱ በፊት ባለቤቱ በስልኩ አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ያግኝ። ካላገኘ ባዮስ አይነካ።

ጸሐፊ፦
የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ይኸው ፍላሽ የዊንዶው ፓስወርድም ያጠፋል። የተሰረቀ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ አለ። መታወቂያ ሳይታይ፣ ሲሪያል ቁጥሩ በመዝገብ ሳይሰፍር ፓስወርድ አይነካ።

አባል፣ መገናኛ፦
እደግፋለሁ። የወጣው ፋይልም ለደንበኛው ከተሰጠ በኋላ ከእኛ ዲስክ ይጥፋ፤ ቀኑ መዝገቡ ላይ ይጻፍ።

ሰብሳቢ፦
እስካሁን ያለው ረቂቅ ይህ ነው፦

«ማኅበሩ ባለ 32 ጂቢ የማዳኛ ፍላሽ በአንድ እጅ አዘጋጅቶ ለአባላት ያድላል፤ አይኤስኦዎቹ ከየድረ ገጻቸው ወርደው ይመሳከራሉ። አባላት መታወቂያና የደንበኛ ፊርማ ሳይዙ ሥራ አይጀምሩም። ደንበኛው መረጃው አያስፈልገኝም ብሎ ካልፈረመ በቀር የዲስክ ጤና ሳይታይና መረጃ ሳይገለበጥ ምንም ዓይነት ጥገና አይደረግም።»

ማስተሩን፣ ሌሎቹ የሚገለበጡበትን ዋናውን ፍላሽ፣ ማን ያዘጋጃል?

አባል፣ ፒያሳ፦
እኔ። አንድ አሮጌ፣ ሌጋሲ (የድሮው ዓይነት) ባዮስ ያለውና አንድ ዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ ቡት አድርጌ እሞክረዋለሁ። የኢንተርኔት ዳታ የሞላለት የዊንዶውን አይኤስኦ ያውርድልኝ እንጂ።

አባል፣ መርካቶ፦
ዋይፋይ አለኝ፣ ማታ አወርደዋለሁ። ጠዋት ፍላሽ ይዘህ ሱቅ ብቅ በል።