ኢፌክት ፕሮሰሰሩ ከአምፕ ጋር ይታፈናል፣ ከሚክሰር ጋር ጆሮ ይወጋል፣ ዲስቶርሽን ሲበራ ደግሞ «እምምም» ይላል

ባለክር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከመልቲ ኢፌክት ፕሮሰሰር (የጊታር ድምፅ ላይ ብዙ ኢፌክት ከሚጨምር ማሽን) ጋር ሦስት ችግር ገጥሞኛል።

አንደኛ፣ በሄድፎን ያዘጋጀሁት ፕሪሴት (ማሽኑ ላይ የተቀመጠ የድምፅ ቅንብር) ጊታር አምፕ ላይ የፊት ኢንፑት ውስጥ ሲሰካ ይታፈናል፤ የአምፑን ትሬብል እስከ ጥግ ባዞረውም አይከፈትም። ሁለተኛ፣ ዲስቶርሽን (ድምፅን የሚያሻክር ኢፌክት) ብቻ ያለበት ሌላ ፕሪሴት አምፕ ላይ ደህና ነው፣ ወደ ሚክሰር ሲገባ ግን ቆርቆሮ ላይ እንደሚርመሰመስ ንብ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ዲስቶርሽን ሲበራ የማያቋርጥ «እምምም» አለ፤ ዩኤስቢው ከላፕቶፕ ጋር ሲገናኝ ቀጭን ፉጨት ይጨመርበታል።

ጊታሩ ባለ ሁለት ሃምበከር (ኖይዝ የሚቀንስ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ነው። መስመሩ ጊታር፣ ቲዩነር ፔዳል፣ ፕሮሰሰር፣ ከዚያ አምፕ ወይም ሚክሰር። ቲዩነሩና ፕሮሰሰሩ አንድ የ9 ቮልት አዳፕተር በመክፈያ ገመድ ይጋራሉ። ከየት ልጀምር?

ድሮፕ ዲ፦
የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው፣ ፕሮሰሰሩም አልተበላሸም። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ እምብዛም አያወጣም። የዲስቶርሽን ሻካራ ጫፍ የሚለዝበው እዚያ ነው። ካቢኔት ሲሙሌሽን የሚባለው ይህንኑ ስፒከርና ፊቱ የቆመውን ማይክ አስመስሎ ይሠራል። እሱ በርቶ ወደ እውነተኛ ጊታር አምፕ ከገባህ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይጣራል፤ የታፈነብህ ለዚህ ነው። የአምፑ ትሬብልም የተቆረጠውን አይመልሰውም። ሚክሰርና ሙሉ ሬንጅ ስፒከር ግን የመጣላቸውን ሁሉ ያወጣሉ፣ ስለዚህ ሲሙሌሽን ከሌለ ያ ሻካራ ጫፍ እንዳለ ይሰማል።

ወደ አምፑ የፊት ኢንፑት ከሆነ ካቢኔቱንም አምፕ ሞዴሉንም (አምፕ የሚያስመስለውን) አጥፋ፤ የአምፑ የራሱ ፕሪአምፕ (ሲግናሉን መጀመሪያ የሚያጎላው ክፍል) ይበቃል። አምፑ ኢፌክት ሉፕ (ከፕሪአምፑ በኋላ ያለ መውጫና መግቢያ) ካለው ሪተርን የሚለው ላይ ሰክተህ አምፕ ሞዴሉን ተወው፣ ካቢኔቱን ብቻ አጥፋ። በዚህ ጊዜ የአምፑ ፕሪአምፕ ስለሚታለፍ ፊቱ ላይ ያሉት ጌይንና ቶን ብዙውን ጊዜ አይሠሩም፣ አትደንግጥ። ወደ ሚክሰርና ሄድፎን ሲሆን ሁለቱም ይብሩ። ከካቢኔቱ በኋላ ሎው ከት (ወፍራሙን የሚቆርጥ) ከ80 እስከ 100 ኸርዝ፣ ሃይ ከት (ቀጭኑን የሚቆርጥ) ከ6 እስከ 8 ኪሎኸርዝ አስገባ፤ ጆሮ የሚወጋው የቀረው እዚያ ይሄዳል።

ግሎባል ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ የአውትፑት ሌቭል ምርጫ ይኖራል፦ ለአምፑ ፊት ኢንስትሩመንት፣ ለሚክሰር ላይን። ላይን ላይ ሆኖ የአምፑ ፊት ከገባ ክሊን ፕሪሴት እንኳ ይሰነጣጠቃል። አንዳንድ ማሽን ላይ ካቢኔቱን ከግሎባል በአንድ ጊዜ ማጥፋት ይቻላል። ያንተ ላይ ከሌለ እያንዳንዱን ፕሪሴት በሁለት ኮፒ አስቀምጠው።

ሊድ፦
ለ«እምምም»ታው ከዲስቶርሽኑ በኋላ ኖይዝ ጌት (ደካማ ድምፅን የሚዘጋ ኢፌክት) አስገባና ትሬሾልዱን (ከምን መጠን በታች እንደሚዘጋ) ከፍ አድርገው። ያልቃል።

ብየዳ፦
ጌቱን ለመጨረሻ ተወው። ጌት ኖይዝን የሚዘጋው ክሩ ዝም ሲል ብቻ ነው፤ ስትጫወት ከድምፁ ጋር አብሮ ይወጣል። ትሬሾልዱን ካበዛኸው ደግሞ ረጅም ኖታ መሀል ላይ ይቆረጣል። 40 ዴሲቤል ጌይን የሚሰጥ ዲስቶርሽን ኢንፑቱ ላይ ያለውን ኖይዝ 100 እጥፍ ያሳድጋል፤ ስለዚህ መታከም ያለበት ምንጩ ነው።

ጌቱን አጥፍተህ ያንኑ ፕሪሴት አብራና በተራ ሞክር፦

የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርግ። ከጠፋ ምንጩ ጊታሩ ወይም ክፍሉ ነው፦ ትራንስፎርመር፣ ዲመር፣ ስክሪን። ቦታና አቅጣጫ ስትቀይር መጠኑ ይለዋወጣል።

ካልጠፋ የፕሮሰሰሩን ኢንፑት ኬብል ንቀል። አሁን ከቀነሰ ችግሩ ከፕሮሰሰሩ በፊት ነው፣ ቲዩነሩንም ጨምሮ።

ቀጥሎ ኬብሉን መልሰህ ከአምፕም፣ ከሚክሰርም፣ ከዩኤስቢም ነቅለህ በሄድፎን ብቻ ስማ። ከጠፋ በፕሮሰሰሩና ከነቀልካቸው በአንዱ መካከል የግራውንድ ሉፕ (ግራውንዱ በሁለት መንገድ ተገናኝቶ የሚፈጥረው ቀለበት) አለ። ካልጠፋ ኃይሉን ጠርጥር።

ክሩን በእጅህ ስትነካ «እምምም»ታው ቢቀንስ ጤነኛ ነው። ቢጨምር ወይም ቋቋታ ቢሰማ ግን ከብሪጁ (ክሮቹ ከሚያርፉበት ብረት) ወደ ግራውንድ የምትሄደዋ ሽቦ ብየዳዋ ተላቅቆ ሊሆን ስለሚችል የጊታሩን ጀርባ ከፍተህ እያት።

ባለክር፦
ውጤቱ ይህ ነው። ቮልዩሙ ዜሮ ሆኖም አልጠፋም። የኢንፑት ኬብሉን ስነቅል በጣም ቀነሰ። በሄድፎን ብቻም አለ። ቲዩነሩን ከመክፈያው ገመድ ነቅዬ በባትሪ ሳሠራው «እምምም»ታው ጠፋ ማለት ይቻላል። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ስነቅለው ደግሞ ፉጨቱ ሄደ። ክር ስነካ ለውጥ የለም።

ብየዳ፦
ተገኘ። ሁለቱ ፔዳሎች ግራውንዳቸው በሁለት መንገድ ተገናኝቷል፦ በመክፈያው ገመድ አንድ፣ በኦዲዮ ኬብሉ ሺልድ (ሲግናሉን የሚከልለው የውጭ ሽቦ) ሁለት። ዲጂታል ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜ 300፣ 500 ሚሊአምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል፤ ይህ ከረንት ሲመለስ ከፊሉ በኦዲዮ ሺልዱ ያልፋል። እዚያ የሚፈጠረው ትንሽ ቮልቴጅ ከጊታሩ ሲግናል ላይ ይደመርና ዲስቶርሽኑ ውስጥ ይገባል።

ለፕሮሰሰሩ የራሱን አዳፕተር ስጠው፣ ወይም እያንዳንዱ መውጫ አይሶሌትድ (ግራውንዱ ከሌላው የተለየ) የሆነ ፓወር ሰፕላይ ተጠቀም። አዳፕተሩ ላይ ሦስት ነገር አንብብ። ቮልቱ ማሽኑ ጀርባ ከተጻፈው ጋር እኩል ይሁን። ሚሊአምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ ቢበልጥ አይጎዳም፣ ቢያንስ ግን ከባድ ፕሪሴት ስታበራ ማሽኑ ሪስታርት ያደርጋል። ሦስተኛው ፖላሪቲ ነው፦ አብዛኛው የጊታር ፔዳል መሀሉ ኔጌቲቭ ሲሆን የሌላ ዕቃ አዳፕተር ግን ብዙ ጊዜ መሀሉ ፖዘቲቭ ነው። ኤሲ 9 ቮልት የሚፈልጉ ማሽኖችም ስላሉ ምልክቱን ሳታይ አትሰካ።

ፉጨቱ ከላፕቶፑ ቻርጀር በግራውንድ በኩል የሚመጣ ነው። ስትቀዳ በባትሪ አሠራው። ዩኤስቢ አይሶሌተር (የላፕቶፑንና የፕሮሰሰሩን ግራውንድ የሚለይ ዕቃ) ብትገዛ ፍጥነቱን ተመልከት፤ ርካሾቹ 12 ሜጋቢት በሰከንድ ብቻ ስለሚያሳልፉ ፕሮሰሰርህ ሃይ ስፒድ ከጠየቀ ድምፁ ሊቆራረጥ ወይም ጨርሶ ላይሠራ ይችላል።

ድሮፕ ዲ፦
ወደ ሚክሰር ስትገባም «እምምም» ቢመጣ በመሀል ትራንስፎርመር ያለው ዲ.አይ. ቦክስ (ሲግናሉን ለሚክሰር የሚያመቻች ሣጥን) አስገባና የግራውንድ ሊፍት (የኦዲዮውን ግራውንድ የሚያቋርጥ) ማብሪያውን ጫን። ኖይዝ ለማጥፋት ብሎ የአምፑን የኤሌክትሪክ መሰኪያ የእርዝ እግር መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ውስጡ ኤሌክትሪክ ካመለጠ የሚያልፈው በክሩ ላይ በያዝከው እጅህ ነው።

በአንድ ኬብል ብቻ ስትወጣ ግራ የሚለውና ሞኖ ተብሎ የተጻፈበት ጃክ ላይ ሰካ። ቀኝ ላይ ከሰካህ የስቴሪዮ ዲሌይ ግማሹ ይጠፋል።

ሊድ፦
ብየዳ ልክ ነው፣ ቅደም ተከተሉ እንደዚያ ይሻላል። ኃይሉ ከተስተካከለ በኋላ ለቀረችው ትንሽ ኖይዝ ጌቱን ከዲስቶርሽኑ በፊት አድርገው። ጊታሩን ሳትነካ ትሬሾልዱን ከዜሮ ቀስ እያልክ ጨምር፣ ኖይዙ ልክ ሲዘጋ ቁም። ሪሊዝ (ጌቱ ለመዝጋት የሚወስደውን ጊዜ) 150 ሚሊሰከንድ ገደማ ጀምርና ረጅም ኖታ ይዘህ ስማ፤ ጅራቱ ከተቆረጠ ትሬሾልዱን ትንሽ መልሰው።