«ደከመኝ»፣ «ዛልሁ»፣ «ታከተኝ»፦ የ«መታደስ» ተቃራኒ የትኛው ነው?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ በአጥቢያችን ለወጣቶች በማቀርበው ትምህርት ላይ «መንፈሳዊ ዝለት» እና «መንፈሳዊ መታደስ» የሚሉትን ለይቼ ለማስረዳት ስሞክር ቃላቱ አልታዘዝ አሉኝ። ነገሩ ከቃል በላይ የሆነብኝ ደግሞ ከዘማሪዎቻችን አንዷ ለሁለት ወር ያህል ከመዝሙር ክፍሉ ርቃ፣ ከኋላ ወንበር ዝም ብላ እየተቀመጠች ስለከረመች ነው። ግማሾቻችን «ዝላለች» አልን፤ ግማሾቻችን «የለም፣ ጌታ እያደሳት ነው» አልን፤ እርሷ ግን ስንጠይቃት «ደክሞኛል» ከማለት በቀር ሌላ አልመለሰችም። «ደክሞኛል» የሚለው ቃል ከሁለቱ ወደ የትኛው ያደላል?

መልስ (ከሐረር)

ጠያቂያችን ሆይ፣ ይህ ጥያቄ እኔንም ለዓመታት ሲያሳስበኝ የኖረ ስለሆነ በማንሣትዎ አመሰግናለሁ። እኅታችን የመለሰችው ቃል ከሁለቱም ጋር አብሮ ሊሄድ ስለሚችል በእርሱ ብቻ መፍረድ አይቻልም። «ድካም» በአማርኛ እጅግ ሰፊ ቃል ነው። «ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ» ብለን ስንመርቅ ልፋቱን ማለታችን ነው፤ «ድካሜን አይተህ ማረኝ» ብሎ የሚጸልይ ሰው ግን የሚናገረው ስለ ጉድለቱ ነው። የመጽሐፍ ቅዱሳችን አማርኛም ሁለቱን በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ድካማቸው በጌታ ከንቱ እንደማይሆን ሲጽፍላቸው ግሪኩ «ኮፖስ»፣ ማለትም ልፋት ሲሆን፣ «ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» በሚለው ላይ ግን «አስቴኔያ»፣ ማለትም አቅም ማጣት ነው። በማቴዎስ 11፥28 «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ፥ ወደ እኔ ኑ» የሚለውን ዛሬ የሚያነብ ወጣት «ደካሞች» ሲባል አቅመ ቢሶች የተጠሩ ይመስለዋል፤ ግሪኩ የሚጠራው ግን ሲለፉ የቆዩትን ነው። ስንቱ ትጉህ አገልጋይ ጥሪው ለእርሱ መሆኑን ሳያውቅ ይህን ጥቅስ ለሌላ ሰው ሲያነብ እንደኖረ ሳስብ ያሳዝነኛል።

እናቴ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል በእግሯ ደርሳ ስትመለስ፣ ያበጠ እግሯን በለብታ ውኃ ነክራ «ደከመኝ ልጄ፣ ደከመኝ» ትል ነበር። ፊቷ ግን ከሄደችበት ቀን ይልቅ የበራ ነበር፤ ቡናው ሳይፈላ የሐምሌ 19ኙን ጉዞ ከማን ጋር እንደምትሄድ መቁጠር ትጀምራለች። ይህ ድካም ነው፤ ዝለት ግን አይደለም፤ መታከትማ ከቶ አይደለም።

«ዛለ» ከአካል የተወሰደ ቃል ነው። ጀሪካን ውኃ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው «ክንዴ ዛለ» ይላል፤ ውኃውን አልጠላም፣ ቤቱንም አልረሳም፣ ጅማቱ ላላ እንጂ። የዛለ ሰው ፈቃዱ አለ፤ አቅሙ አልቋል። እንዲህ ላለው ሰው ተግሣጽ መድኃኒት አይሆነውም። ሙሴ በኮረብታው ራስ ላይ ሳለ እጆቹ በከበዱ ጊዜ አሮንና ሖር ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፣ ክንዱንም ከግራና ከቀኝ ደገፉለት እንጂ «እምነትህ የት ሄደ?» አላሉትም።

«ታከተ» ግን ሌላ ነው። ሰዋስዉንም ልብ ይሏል፤ «ዛልሁ» ስንል ባለቤቱ እኛው ነን፤ «ታከተኝ»፣ «ሰለቸኝ» ስንል ግን አንድ ነገር ከውጭ መጥቶ የወደቀብን ያህል እንናገራለን። የሚታክት ሰው ጉልበት ሊኖረው ይችላል፤ የጠፋው ልቡ ነው። ገላትያ 6፥9 ሁለቱን ቃላት በአንድ ዐረፍተ ነገር ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፦ «ባንዝልም በጊዜው እናጭዳለንና መልካም ሥራን ለመሥራት አንታክት።» «ባንዝል» የተባለው በግሪኩ መላላትን፣ መፈታትን የሚያመለክት ቃል ሲሆን፣ «አንታክት» የተባለው ተስፋ መቁረጥን፣ ልብ ማጣትን የሚያመለክት ነው። ይኸው ሁለተኛው ግስ በሉቃስ 18፥1 «ሳይታክቱ» ስለ መጸለይ በተነገረው ላይ አለ፤ በሁለተኛ ቆሮንቶስ 4፥16ም አለ። ይህን የመጨረሻውን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፦ «ስለዚህም አንታክትም፥ ነገር ግን የውጭው ሰውነታችን ቢጠፋ እንኳ የውስጡ ሰውነታችን ዕለት ዕለት ይታደሳል።»

እነሆ መታደስ የቆመው በመታከት ተቃራኒ ነው። በድካም ተቃራኒ አልቆመም፤ እንዲያውም የውጭው ሰውነት እያለቀ ሳለ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰው ላይ የውስጡ ይታደሳል። ስለዚህ «ደክማለች፣ እንግዲያስ አልታደሰችም» የሚለው አነጋገር ከጥቅሱ ጋር አይስማማም።

የግእዙ ቃል «ሃኬት» ደግሞ ለመታከት የቅርብ ዘመድ ነው። በመክሊቱ ምሳሌ «ሃኬተኛ ባሪያ» የተባለውን ሁላችንም ስለምናውቅ «ሃኬት» ማለት ስንፍና ብቻ ይመስለናል። የግብፅ በረሃ መነኮሳት ግን ስለ ነገሩ ጠለቅ ብለው አስተምረዋል። በ399 ዓመተ ምሕረት (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያረፈው ኤቫግሪዮስ ይህን ፈተና መዝሙረ ዳዊት ከሚጠራው «የቀትር ጋኔን»፣ በግእዝ «ጋኔነ ቀትር»፣ ጋር አያይዞ፣ መነኩሴውን ከቀኑ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት እንደሚይዘው ይናገራል። የሰዓት አቆጣጠሩ ከእኛው ጋር አንድ ነው። ፀሐይዋ የቆመች ትመስለዋለች፣ ቀኑ የ50 ሰዓት ያህል ይረዝምበታል፣ ዓይኑ ከበዓቱ መስኮት አይነቀልም። ሱቆች በራቸውን ዘግተው ጥላ የሚፈለግበትን የድሬዳዋን ቀትር የሚያውቅ ሰው የዚህን ስያሜ ልክነት ሳይነገረው ይረዳዋል። ጋኔኑ የሚመጣው በሌሊት አይደለም፤ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆኖ በሚታይበት፣ ምንም አዲስ ነገር በማይጠበቅበት ሰዓት ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መምህር፣ ትንታኔዎ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «ተሐድሶ» የሚለውን ለምን ዘለሉት? በጉባኤዎቻችን «መነቃቃት»ና «ሪቫይቫል» ከሚባሉትስ ጋር መታደስ አንድ ነው?

መልስ (ከሐረር)

«ተሐድሶ» እና «መታደስ» ሥራቸው አንድ ነው፤ «ሐደሰ» የሚለው የግእዝ ግስ ነው። «ሕዳሴ»፣ «እድሳት»፣ «አዲስ» ሁሉ ከዚያው የወጡ ናቸው። ሆኖም በኦርቶዶክሳውያን ጆሮ «ተሐድሶ» የአንድ እንቅስቃሴ መጠሪያ ሆኖ ስለ ቆየ፣ በሌላ አገባብ ደግሞ ከማዕከልና ከስልጠና ጋር ስለ ተጣበቀ፣ ስለ አንድ ሰው ነፍስ በምንናገርበት ጊዜ «መታደስ» ቢባል ይሻላል ባይ ነኝ።

ግሱ በመዝሙር 50 (በሌላው አቆጣጠር 51) እንዴት እንደ ገባ ግን ማየት ያስፈልጋል፦ «ልበ ንጹሐ ፍጥር ሊተ እግዚኦ፤ ወመንፈሰ ርቱዐ ሐድስ ውስተ ከርሥየ።» «ከርሥ» ሆድ ነው። አማርኛው «በውስጤ አድስ» ብሎ አለሳልሶታል፤ ግእዙ ግን እዚያ ርኀብና ጥጋብ በሚታወቅበት ቦታ አድስ ይላል። ልመናም ነው፤ ዳዊት «አድስ» ይላል እንጂ «አድሳለሁ» አይልም። የፈረሰ ግድግዳ ራሱን እንደማይለስን ሁሉ ሰውም በዚህ ነገር ታዳሽ እንጂ አዳሽ አይደለም።

«መነቃቃት»ን በተመለከተ፣ ቃሉ በራሱ መልካም ነው፤ የተኛ ሰው መንቃት አለበት። የምፈራው «ሞቅታ» በእርሱ ስም ሲገባ ነው። በእኛ አካባቢ «ምርቃና» (የጫት ሞቅታ) እና «ሐራራ» (ጫት ሲታጣ የሚመጣው ጉጉት) የሚሉትን ቃላት ፍቺ የሚጠይቅ የለም፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው እንደሚተካም እናውቃለን። ከጉባኤ ወደ ጉባኤ እየተሻገረ፣ በመካከሉ ባሉት ቀናት ግን ጸሎት የሚያስጨንቀው ሰው ታድሷል ለማለት ይከብደኛል፤ እንዲያውም ዝለቱን በሞቅታ የሸፈነ ሊሆን ይችላል። የድሬዳዋን ወንዝ፣ ደቻቱን፣ አስቡት። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ሆኖ ይከርማል፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ በሰዓታት ውስጥ ደራሽ ይሆናል። የ1998 ዓ.ም. ክረምትን ጎርፍ የምናስታውስ ሁሉ ውኃ በዛ ማለት ምድር ረካ ማለት እንዳልሆነ በከባድ ሐዘን ተምረናል። ከተማው የሚጠጣው ግን ከመሬት በታች፣ ድምፅ ሳያሰማ ከተጠራቀመው የጉድጓድ ውኃ ነው።

ጠያቂው ድጋሚ (ከዚራ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያስ እኅታችንን ምን ብዬ ልጠይቃት? «ዝለሻል ወይስ ታክቶሻል?» ብላት ፈተና ላይ የተቀመጠች ይመስላታል።

መልስ (ከሐረር)

እውነት ነው፣ እንዲያ አይጠየቅም። እኔ ብሆን «ይናፍቅሻል?» ብዬ ነበር የምጠይቃት። «ናፍቆት» የሚለው ቃል ሁለቱን ይለያቸዋል፤ የዛለ ሰው መዝሙሩን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ «ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ» የተባለው አለበት፤ የታከተው ግን አይናፍቅም፣ አለመናፈቁም አያሳዝነውም። የምትናፍቅ ከሆነ ወንበሯን አትንኩባት፤ ከሥራ ክፍፍሉም ለጊዜው አውጧት። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች «ይበቃኛል» ባለ ጊዜ መልአኩ በመጀመሪያ ያመጣለት እንጎቻና ውኃ ነበር፤ በልቶ እንደገና እንዲተኛም ተወው፤ ወደ ኮሬብ የ40 ቀን መንገድ የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ጨርሶ ጠፍቶባት፣ ለመኖርም ጉጉት ካጣች ግን ነገሩ ከቃል ትርጉም ያለፈ ስለሆነ ለመጋቢዋ ብቻ ሳይሆን ለሐኪምም ይነገር።

ስለ መታደስ ከራሴ አንድ ነገር ልጨምር። በሰንበት ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ካገለገልሁ በኋላ ዳዊት ስደግም አውራ ጣቴ ከቀሩት ቅጠሎች በታች እየገባ ውፍረታቸውን ሲለካ አገኘሁት። ከንፈሬ ያነብባል፣ ጣቴ ይቆጥራል። ለንስሐ አባቴ በእፍረት ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ዳዊቱን ለጊዜው እንዳስቀምጠው፣ ማታ በጊዜ እንድተኛ፣ ጠዋት ቆሜ «አቡነ ዘበሰማያት» ብቻ እንድል አዘዙኝ። እንዲህ ያለ ትንሽ ጸሎት ለእኔ ውርደት መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያችው አጭር ጸሎት ስታልቅ ቆሜ መቅረት ጀመርሁ፤ ምንም የተለየ ስሜት አልነበረም፣ የምሄድበት ብቻ አልነበረኝም። ዳዊቱን መልሰው የፈቀዱልኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። መቼ እንደ ሆነ በውል አላስታውስም፤ አንድ ዓርብ ጠዋት የዕለቱን ጨርሼ መጽሐፉን ሳጥፍ፣ አውራ ጣቴ ሳነብበው በነበረው ገጽ ጠርዝ ላይ እንጂ ከሥር እንዳልነበረ አየሁ።