የአፍጋኒስታን የወንዶች ክሪኬት ቡድን በዓለም አቀፍ ውድድር ይቀጥል ወይስ ይታገድ?

የሻርጃው፦ ታሊባን ሴቶችን ከስፖርት ስላገደ የወንዶቹ ቡድን ይታገድ ወይ የሚለውን ክርክር የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ወገንተኛነቴን አስቀድሜ ልናዘዝ፤ የዚህ ቡድን ደጋፊ ነኝ። ሻርጃ ከመጣሁ ጀምሮ አርብ አርብ በሕንፃዎች መካከል በሚገኝ አሸዋማ ባዶ ቦታ ላይ አፍጋኖች፣ ፓኪስታኖችና ሕንዶች በኤሌክትሪክ ፕላስተር በተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ ሲጫወቱ አያለሁ፤ ክሪኬትን የተማርኩትም እዚያው ቆሜ ስጠይቅ ነው።

ለማታውቁት ጨዋታው እንዲህ ነው። ቡድኖቹ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው ይሰለፋሉ፤ ሃያ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ጠፍጣፋ መደብ በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት እንጨት ይተከላል። ወርዋሪው እንጨቱን ለመምታት ይወረውራል፣ መቺው ደግሞ እንጨቱን እየጠበቀ ኳሱን በዱላው ይመልሳል፤ መትቶ ከጓደኛው ጋር ጫፍ ለጫፍ ከተቀያየሩ ነጥብ ያገኛሉ። ኳሱ እየተንከባለለ ከሜዳው ወሰን ከወጣ አራት፣ መሬት ሳይነካ ካለፈ ስድስት ነጥብ ይቆጠራል። እንጨቱ የተመታበት ወይም የመታው ኳስ በአየር ላይ የተቀለበበት መቺ ይወጣል፤ አሥር ከወጡ የቡድኑ ተራ አበቃ። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። በአጭሩ የጨዋታ ዓይነት ለእያንዳንዱ ቡድን የሚፈቀደው 20 ኦቨር፣ በመካከለኛው 50 ሲሆን፣ ረጅሙ ደግሞ እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል። (የእኛን የገና ጨዋታ የሚያስታውሰው ዱላው ብቻ ነው፤ ሁለቱን የምታመሳስሉ ካላችሁ አትድከሙ።)

አሁን ወደ ቡድኑ ልምጣ። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አፍጋኖች ክሪኬትን የለመዱት ከሶቪየት ወረራ በኋላ በተሰደዱበት በፓኪስታን፣ በፔሻዋር አካባቢ ባሉ የስደተኛ ካምፖች ነው። በ2008 ጀርሲ በምትባል ደሴት በአምስተኛው ምድብ፣ በክሪኬት ከማይታወቁ አገሮች ጋር ይጫወቱ ነበር፤ በ2017 ጨዋታውን የሚመራው የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት ሙሉ አባል ሆኑ። በ2023 የዓለም ዋንጫ እንግሊዝን ዴልሂ ላይ በ69 ነጥብ ረቱ፤ በ2024 ደግሞ አውስትራሊያን አሸንፈው በአጭሩ የጨዋታ ዓይነት የዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። በአገራቸው ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ማስተናገድ ስለማይችሉ ብዙ ጊዜ እንግዳ የሚቀበሉት እዚሁ ሻርጃ ነው። መስከረም 2024 ደቡብ አፍሪካ ገና 106 ነጥብ ላይ ሳለች አሥሩንም መቺዎቿን ጠራርገው ሲያስወጡ ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ወርዋሪያቸው ራሺድ ካን በ26ኛ ልደቱ ቀን 19 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ አምስት መቺዎችን አሰናበተ። ይህ ሰው ኳሱን በእጅ አንጓው አሹሮ ስለሚለቀው፣ ኳሱ መሬት ነክቶ ሲነሳ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ እንደሚታጠፍ መቺው የሚያውቀው ካለፈው በኋላ ነው።

እንግዲህ ታሊባን ሴቶችን ስላገደ ይህ ቡድን ይታገድ የሚለውን ሐሳብ እቃወማለሁ። ሕጉን ያላወጡ ልጆች በሕጉ ሊቀጡ አይገባም።

የለንደኗ፦ ወንድሜ፣ የጨዋታውን አገላለጽ ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ትረካህ ውስጥ አንድም ሴት የለችም። የአፍጋኒስታን ክሪኬት ቦርድ በኅዳር 2020 ለ25 ሴት ተጫዋቾች ኮንትራት ሰጥቶ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ታሊባን ካቡል ገባ፤ ከእነዚያ ሴቶች አብዛኞቹ ሸሽተው አውስትራሊያ ደረሱ፣ ቡድኑም በወረቀት ላይ እንኳን ጠፋ። የምክር ቤቱ ደንብ ሙሉ አባል የሆነ አገር የሴቶች ክሪኬትን እንዲያካሂድ ያዛል። ይህን ሳያሟላ የሙሉ አባልነቱን ገንዘብ፣ ድምፅና ክብር እንደያዘ የቀጠለው አፍጋኒስታን ብቻ ነው። እዚህ ብሪታንያ ከ160 በላይ ፖለቲከኞች በጥር 2025 እንግሊዝ ከአፍጋኒስታን ጋር እንዳትጫወት በደብዳቤ ጠይቀው ነበር፤ ላሆር ላይ ተጫወተችና በስምንት ነጥብ ተሸነፈች። እኔ ያዘንኩት ግን በሽንፈቱ ሳይሆን ሜዳ በመግባቷ ነው። ደንቡ ተጽፎ የማይፈጸም ከሆነ ለምን ተጻፈ?

የአዲስ አበባው፦ እኔ ክሪኬት አላውቅም፤ ስለ ማዕቀብ ግን የምለው አለኝ። በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲካሄድ ኢትዮጵያ የተመደበችው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም ስላለች ከውድድሩ ወጣች፤ እኛም ሳንጫወት ለፍጻሜ አለፍን፣ ከዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተረታን። ይድነቃቸው ተሰማ በአፓርታይድ ላይ የነበራቸውን አቋም የማያስታውስ የኳስ ሰው የለም። በ1976 ደግሞ በዚሁ በአፓርታይድ ምክንያት ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር የሞንትሪያል ኦሊምፒክን ጥላ ስትወጣ ምሩፅ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ። በ1972 ነሐስ አግኝቶ የነበረ፣ በ1980 ሁለት ወርቅ የወሰደ ሯጭ በመካከሉ ምን ሊያገኝ ይችል እንደነበር አስቡት። አትሌቱ ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ዋጋውን የከፈለው ግን እርሱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ራሷም ከክሪኬት ከ1970 እስከ 1991 ታግዳ ስትቆይ ንጹሕ ተጫዋቾች ዕድሜያቸው አልፎባቸዋል። ስለዚህ «ተጫዋቹ ምን አደረገ» የሚለው መከራከሪያ ያን ጊዜ ካልሠራ፣ ዛሬ የሚሠራበትን ምክንያት አስረዱኝ።

የሻርጃው፦ ጋሼ፣ ያነሱት ምሳሌ ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ልዩነት ግን አይበታለሁ። የደቡብ አፍሪካ ቡድን የተመረጠው በራሱ በመድልዎው ነው፤ ቡድኑ የሥርዓቱ መስተዋት ነበር። የአፍጋኒስታን ተጫዋቾች ግን ታሊባን ከገባም በኋላ በዓለም ዋንጫ የተሰለፉት በቀድሞው ጥቁር፣ ቀይና አረንጓዴ ሰንደቅ ሥር ነው። ታኅሣሥ 2024 ሴቶች የሕክምና ትምህርት እንዳይማሩ ሲከለከሉ ራሺድ ካንና የቡድን ጓደኛው መሐመድ ነቢ ክልከላው እንዲነሳ በይፋ ጽፈዋል፤ ቤተሰብ አገር ቤት ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ላይ ከልካዮቹን ተመልከቱ። አውስትራሊያ በ2021 ሆባርት ላይ ታስቦ የነበረውን ግጥሚያ አስቀረች፣ በ2023 እዚህ ኤምሬትስ ሊደረግ ከነበረው ሦስት ግጥሚያ ወጣች፣ በ2024 ሌላ ዙር አራዘመች፤ የዓለም ዋንጫ ሲመጣ ግን ነጥቡ እንዳያመልጣት ከዚሁ ቡድን ጋር ተጫወተች። መርሕ የሚባለው ዋንጫ በሌለበት ጊዜ ብቻ የሚከበር ከሆነ እኔ አልቀበለውም።

የለንደኗ፦ የአውስትራሊያን ሁለት ፊት በተመለከተ ልክ ነህ፤ አልከላከልላትም። ነገር ግን «ቡድኑ በመድልዎ አልተመረጠም» ያልከውን መልሰህ አንብበው። ደቡብ አፍሪካ በቆዳ ቀለም ሕዝቧን ከሜዳ አስቀረች፤ አፍጋኒስታን በጾታ ግማሹን አስቀረች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የቀለለ የሚመስለን የሴቶች አለመኖር ዓይናችን የለመደው ነገር ስለሆነ ይመስለኛል። የራሺድ ካን ድፍረት ይከበራል፤ ነገር ግን የእርሱ ጽሑፍ የቦርዱን ግዴታ አይሽርም፤ የቦርዱ አመራር ደግሞ ከነሐሴ 2021 በኋላ እንደተለወጠ ታውቃለህ።

የሜልበርኑ፦ ሁለታችሁም ስለ ሴቶቹ ትናገራላችሁ፤ እነርሱ ያሉትን ግን ማንም አላነሳም። ጥር 30 ቀን 2025 እዚህ ሜልበርን፣ ጃንክሽን ኦቫል በሚባለው ሜዳ ከአገር ከወጡ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ተጫውተዋል። ከዚያ በፊት በ2024 ለምክር ቤቱ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በደብዳቤው ሴቶቹ ወንዶቹ በዓለም ዋንጫ ባደረጉት እንደሚኮሩ፣ ነገር ግን እነርሱ እንደ ወንዶቹ አገራቸውን መወከል አለመቻላቸው እንደሚያሳዝናቸው ገልጸዋል። የጠየቁትም ወንዶቹ እንዲታገዱ ሳይሆን፣ አውስትራሊያ ውስጥ የስደተኛ ቡድን ሆነው እንዲታቀፉ ነው።

የሻርጃው፦ ይህን ደብዳቤ በወቅቱ ባውቀው ኖሮ ክርክሩን በሌላ ጥያቄ እከፍተው ነበር። ስለ ጾታና ስለ ቀለም በተባለው ላይ መልስ አላገኘሁለትም፤ ተሸንፌያለሁ። ወንዶቹ ይታገዱ በሚለው ግን አሁንም አልስማማም። ምክር ቤቱ ለቦርዱ በየዓመቱ ከሚሰጠው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ላይ የሴቶቹን ድርሻ ቀንሶ በቀጥታ ሜልበርንና ካንቤራ ላሉት ይስጥ፤ ቦርዱ እምቢ ካለ ያን ጊዜ ስለ እገዳ እንነጋገር።

የአዲስ አበባው፦ ገንዘቡ ይድረሳቸው እንበል። በማን ስም ነው የሚጫወቱት?

የለንደኗ፦ ጥያቄው እርሱ ነው፣ ጋሼ። ምክር ቤቱ በሚያዝያ 2025 ከሕንድ፣ ከእንግሊዝና ከአውስትራሊያ ቦርዶች ጋር ሆኖ ለእነዚህ ሴቶች ድጋፍ አደርጋለሁ ብሏል። የተባለው ግን ገንዘብና ሥልጠና ነው፤ ብሔራዊ ቡድን ናችሁ የሚል ቃል አልተነገራቸውም። የሻርጃው ወንድሜ ያቀረበውን የገንዘብ ሐሳብ እደግፋለሁ፤ «አፍጋኒስታን» የሚለውን ስም በማሊያቸው ላይ እንዲጽፉ የሚፈቅድ ውሳኔ አብሮት እስካልመጣ ድረስ ግን ከእገዳው ጥያቄ አልወርድም።