የታወቅሁበት ገጸ ባሕርይ መድረክ ላይ እየቀደመኝ ተቸግሬአለሁ

በሙያዬ ተዋናይ ነኝ። በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ለዓመታት የተጫወትኩት ቀልደኛ ገጸ ባሕርይ በሰፊው ስላስተዋወቀኝ፣ ሰው መንገድ ላይ እንኳ የሚጠራኝ በእርሱ ስም ነው፤ ይህን ፍቅር አከብረዋለሁ። አሁን ግን በመድረክ ተውኔት ልጁን በሞት ያጣ አባት ሆኜ እየተወንኩ ነው። በሩን ከፍቼ ገብቼ የልጁን ጫማ ከወለሉ ላይ ሳነሣ፣ ተመልካቹ ሐዘንተኛውን ሳይሆን የሚያውቀውን ቀልደኛ አይቶ ይስቃል፤ ሳቁን ስሰማም ትከሻዬ ሳላዝዘው ወደ ቀድሞው ሰው አቋም ይመለሳል።

በመጀመሪያ በሩሲያዊው የቲያትር አዘጋጅና መምህር በስታኒስላቭስኪ የስሜት ትውስታ ዘዴ፣ ማለትም ያለፈ የራስን ስሜት አስታውሶ በመተወን፣ የራሴን ሐዘን ለመቀስቀስ ሞከርኩ። በልምምድ ላይ እንባዬ መጣ፤ ተመልካች ፊት ግን ደረቀ፤ የግል ቁስልን በየምሽቱ መነካካትም ጤናማ አይመስለኝም። ቀጥሎ ስታኒስላቭስኪ ራሱ በመጨረሻ ዘመኑ ወዳተኮረበት አካላዊ ድርጊት ዞርኩ፤ ስለ ማልቀስ ሳላስብ የጫማውን ማሰሪያ እፈታለሁ፣ አቧራውን በእጅጌዬ እጠርጋለሁ፣ ከአልጋው ሥር አስቀምጠዋለሁ። ከሞከርኩት ሁሉ የተሻለው ይህ ነው፤ ሆኖም ሳቁ ከተነሣ በኋላ እጆቼ ሥራቸውን ቢቀጥሉም ጆሮዬ ከተመልካቹ ዘንድ ይቀራል። አዘጋጁ ሳቁ እስኪያልፍ ዝም ብዬ እንድቆም መክሮኝ ነበር፤ ስቆም ግን ሳቁ ይብሱን ይረዝማል።

በአንድ ሚና ከታወቃችሁ በኋላ ፍጹም ተቃራኒውን በመድረክ የተጫወታችሁ ተዋንያን፣ የመጀመሪያው ሳቅ ሲነሣ ከገጸ ባሕርዩ ሳትወጡ ትኩረታችሁን የምታሳርፉት በምን ላይ ነው?