ሰኔ ሳይገባ ለእናቴ ጣሪያ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የቆርቆሮ ሥራ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የእናቴ ቤት ደብረ ብርሃን ነው። ደጋ ስለሆነ በበጋ ቀን ፀሐዩ ይለበልባል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ቆርቆሮው ቀን ይለጠጣል፣ ማታ ይኮማተራል። በዚህ የተነሳ ሚስማሮቹ ከሞራሌው እየተነቀሉ ወጥተዋል። ከሥራቸው ያለው ጎሚኒም ደርቋል፤ በጣት ሲነኩት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። በየሚስማሩ ዙሪያ ዝገት ቀለበት ሠርቷል። ኮርኒሱ ልክ ከእናቴ አልጋ በላይ ቡናማ እድፍ ይዟል።

ባለፈው ክረምት አንድ ባለሙያ ቀዳዳዎቹን በሬንጅ ደፍኖልን ነበር። በጋው ሲመጣ ሬንጁ ተሰነጣጠቀ። አሁን አንዳንዱ ሚስማሩን ነቅለሽ ጎሚኒ ባለው ብሎን ተኪው ይለኛል። ሌላው ሙሉውን ቀይሪው ይላል፤ ለዚያ አቅም የለኝም።

የዛገ ቀዳዳ ላይ ብሎን አጥብቆ ይይዛል? ወይስ ጎን ላይ አዲስ ላስመታ? ያኔ የድሮውን ቀዳዳ በምን ልድፈነው? ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ አንቲረስት መቀባትስ ያዋጣል?

ደግሞ በረዶ ሲጥል አሸንዳው ይደፈንና ውሃው ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ለዚህም መላ ያላችሁ ንገሩኝ። ደብረ ብርሃን ወይም አካባቢው ሆናችሁ የሠራችሁት ካለ፣ ምን ያህል ክረምት እንደቻለላችሁ ብትጽፉልኝ በጣም አመሰግናለሁ።