«ራሎ» እና «ራድሎ» ከአንድ ቃል የወጡ ናቸው?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሩሲያኛ እየተማርኩ ነው፤ ቼክኛም ጎን ለጎን እሞክራለሁ። የጥንቱ ማረሻ በሩሲያኛ «ራሎ»፣ በቼክኛ «ራድሎ» ይባላል። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም «*ኦርድሎ» ከሚል የጥንት ስላቭኛ ቃል ያወጣቸዋል። ይሄ ቃል የት ተጽፎ ተገኘ? «ኦር» የነበረውስ እንዴት «ራ» ሆነ? ከእኛው «አረሰ» ጋርስ ይዛመድ ይሆን?

መንገደኛ፦
የትም አልተጻፈም። ከቃሉ ፊት ያለችው ኮከብ (*) የምትነግርህ ይህንኑ ነው። ስላቮች በቋንቋቸው መጻፍ የጀመሩት በ9ኛው መቶ ዘመን፣ በቄርሎስና በሜቶድዮስ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሊቃውንት ከእሱ የወጡትን ልጅ ቋንቋዎች እያነጻጸሩ ነው የደረሱበት።

ሥረ ቃል፦
ይሄን ቃል በጣም ነው የምወደው፤ ትንሽ ልዘርዝረው።

ግሡ «ኦራቲ» ነው፣ ማረስ ማለት። «ድሎ» የመሣሪያ ስም የምትሠራ ቅጥያ ናት። አንዴ ከለየሃት በየቦታው ታገኛታለህ። ሳሙና በቼክኛ «ሚድሎ»፣ በሩሲያኛ «ሚሎ»፤ ማጠብ ከሚለው ግሥ የወጣ። ወስፌ «ሺድሎ» እና «ሺሎ»፤ መስፋት ከሚለው። አየህ? እንደ ቼክኛ ያሉት የምዕራብ ስላቭ ቋንቋዎች «ድ»ን ያዙ፣ እንደ ሩሲያኛ ያሉት የምሥራቅና የደቡቦቹ ጣሏት። ሰርቦችና ቡልጋሮችም «ራሎ» ነው የሚሉት። ፖላንዶች «ድ»ን ጠብቀው «ል»ን ወደ «ው» ስለለወጡ «ራድዎ» ይላሉ።

«ኦር» ላይ የሆነው ደግሞ ይሄ ነው። ስላቭኛ በአንድ ወቅት በ«ር» ወይም በ«ል» የሚዘጋ ክፍለ ቃል አልቀበል አለ። አናባቢውና «ር» ቦታ ተለዋወጡ፤ አናባቢውም ረዝሞ ወደ «ኣ» ተለወጠ፣ «ራ» የሆነው በዚህ ነው። «ኦራቲ» ላይ ግን ከ«ር» ቀጥሎ አናባቢ አለ፤ ስለዚህ ምንም አልነካውም። ግሡና መሣሪያው የተራራቁት በዚህ ምክንያት ነው። ሊቱዌኒያኛ «አርክላስ» ብሎ የድሮውን ቅደም ተከተል ጠብቋል። ላቲን «አራትሩም»፣ ግሪክ «አሮትሮን»፣ ዌልሽ «አራድር» ሁሉም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።

«አረሰ» በግዕዝ «ሐረሰ» ነው። የመጨረሻዋ ተነባቢ የሥሩ አካል ናት፤ በዐረብኛና በዕብራይስጥም አቻዋ አለ። በነ«ኦራቲ» ሥር ግን የለችም። ድምፁ ስለተቀራረበ ብቻ ዘመድ ልናደርጋቸው አንችልም።

ጀማሪው፦
እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ ሩሲያውያን ዛሬ ለምን «ፕሉግ» ይላሉ?

ሥረ ቃል፦
ሌላ መሣሪያ ስለመጣ። ራሎ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። ፕሉግ ከባድ ነው፣ ይገለብጣል። ቃሉንም ብዙዎች ከጀርመናውያን ቋንቋዎች የመጣ ነው ይላሉ።

የኪየቭ ሩስን፣ የጥንቱን የምሥራቅ ስላቮች መንግሥት፣ ዜና መዋዕል እይልኝ። እ.ኤ.አ. በ964 ቪያቲቺ የተባሉት የስላቭ ነገድ፣ ያስገብሯቸው ለነበሩት ለካዛር ሕዝብ በእያንዳንዱ ራሎ አንድ ሽሊያግ (ሳንቲም) እንገብራለን ይላሉ። በ981 የኪየቩ ልዑል ቭላድሚር ያንኑ የቪያቲቺ ሕዝብ ሲያስገብር ግብሩን የቆጠረው በፕሉግ ነው። መጽሐፉ የተጠናቀረው በ12ኛው መቶ ዘመን ስለሆነ፣ በ17 ዓመት ውስጥ ማረሻው ተቀየረ ብዬ አልደመድም። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ይኖሩ እንደነበር ግን ያሳያል።

መንገደኛ፦
አንድ ልጨምር። «ኦራሎ» የሚልም ታገኛለህ፤ እሱ ከግሡ እንደገና የተሠራ ነው። በሩሲያኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኢሳይያስ 2፥4 ላይ ሰይፍ የሚቀጠቀጠው ኦራሎ ለመሆን ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1959 ለተባበሩት መንግሥታት የሰጠችው፣ ኒው ዮርክ ያለው ሐውልትም ስሙን ከዚያ ወስዷል።